ሰር ናይጅል ግሬስሊና የባቡሮቻቸው ፈተና

በአንድ ሥራ ላይ ኃላፊ ሆኖ የተሾመ ሰው ከሚያጋጥሙት ፈተናዎች ሁሉ የሚከብደው፣ የገዛ ሥራው ከሌላው ሥራ ያነሰ መሆኑ በሰው ፊት የተገለጠ ጊዜ ነው። አንዳንዱ መለኪያውን ይነቅፋል፤ አንዳንዱ የበታቾቹን ይወቅሳል፤ ጥቂቱ ግን ወደ ሥራው ተመልሶ ጉድለቱን ይፈልጋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ የምንተርከው ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ የነበሩትን የእንግሊዛዊውን የባቡር መሐንዲስ የሰር ናይጅል ግሬስሊን ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ናይጅል ግሬስሊ በጁን 19 ቀን 1876 ዓ.ም. በስኮትላንድ በኤዲንበርግ ከተማ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን አባታቸው ቄስ ሆነው ያገለግሉ በነበረበት በእንግሊዝ አገር በኔዘርሲል መንደር ነው። በማርልቦሮ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በ17 ዓመታቸው በክሩ ከተማ በሚገኘው የባቡር ፋብሪካ ተለማማጅ ሆነው ገቡ። ከዚያም በሆርዊች ፋብሪካ ሠርተው በ1905 ዓ.ም. ወደ ዶንካስተር በመዛወር በታላቁ ሰሜን የባቡር ኩባንያ የተሳፋሪና የጭነት ፉርጎዎች ክፍል ሹም ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. ገና በ35 ዓመታቸው የኩባንያው የባቡር መኪናዎች ሁሉ የበላይ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በ1923 ዓ.ም. የብሪታንያ የባቡር ኩባንያዎች በ4 ትላልቅ ኩባንያዎች በተጠቃለሉ ጊዜ የለንደንና የሰሜን ምሥራቅ ባቡር የተባለው ኩባንያ ዋና መሐንዲስ እርሳቸው ሆኑ። ይህንንም ሥራ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘውት ቆይተዋል።

በዚያ ዘመን የተሳፋሪው ቁጥር እየበዛ፣ የፉርጎውም ክብደት እየጨመረ በመሄዱ የቀድሞዎቹ መኪናዎች አልበቃ ብለው ነበር። ስለዚህ ግሬስሊ በ1922 ዓ.ም. 3 ሲሊንደሮች፣ ሰፊ የእሳት ማንደጃና እያንዳንዳቸው ከ2 ሜትር የሚበልጥ ቁመት ያላቸው 6 ነጂ መንኰራኵሮች ያሉት ትልቅ መኪና ሠሩ። ይህ ዓይነት ኤ-1 ተባለ። በዓለም ሁሉ ስሙ የታወቀው ፍላይንግ ስኮትስማን (በራሪው ስኮትላንዳዊ) በ1923 ዓ.ም. የተሠራው ከዚሁ ዓይነት ነው።

በ1924 ዓ.ም. በለንደን በዌምብሊ በተከፈተው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ፍላይንግ ስኮትስማን ለሕዝብ ሲታይ፣ በአጠገቡ የታላቁ ምዕራብ ኩባንያ መኪና ቆሞ ነበር። ይህ መኪና በመጠኑ ያነሰ ሲሆን፣ ባለቤቶቹ በመሳብ ኃይል ከብሪታንያ መኪናዎች ሁሉ እንደሚበልጥ ያስታውቁ ነበር። ነገሩ በክርክር ብቻ እንዳይቀር ሁለቱ ኩባንያዎች በ1925 ዓ.ም. መኪናዎቻቸውን ተለዋውጠው በሥራ ላይ ሊፈትኑዋቸው ተስማሙ። ፔንደኒስ ካስል የተባለው የምዕራቡ መኪና በግሬስሊ ሐዲድ ላይ፣ ከግሬስሊም መኪናዎች አንዱ በምዕራቡ ሐዲድ ላይ ሮጠ። ውጤቱም ግሬስሊን የሚያስደስት አልነበረም። ትንሹ መኪና ከባዱን ባቡር ያለ ችግር ስቦ፣ ከትልቁ ያነሰ የድንጋይ ከሰል አቃጠለ።

አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይላሉ። የግሬስሊ በቅሎ የሄደችው በትክክለኛ ፍርድ ነበርና እርሳቸውም ምክንያቱን መመርመር ጀመሩ። ምሥጢሩ የተገኘው በቫልቩ ላይ ነው። ቫልቭ ማለት እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባና የሚያስወጣ በር ነው። በግሬስሊ መኪና ላይ ይህ በር የሚንቀሳቀስበት መንገድ አጭር በመሆኑ አከፋፈቱ ጠባብ ነበር፤ ስለዚህ እንፋሎቱ ሲገባም ሲወጣም ይታፈናል። በተቀናቃኙ መኪና ላይ ግን ቫልቩ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ በሩ በሰፊው ይከፈታል። እንፋሎቱ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ በራሱ መስፋፋት ፒስተኑን እየገፋ ይሄዳል፤ ሥራውን ሲጨርስም ያለ ችግር ይወጣል። በዚህ ዓይነት ከአንድ አካፋ ከሰል የሚገኘው ሥራ ይበዛል።

በርት ስፔንሰር የተባሉት የግሬስሊ ረዳት ቫልቩን ለማሻሻል የሚያስችል ሐሳብ ነበራቸው። ዋናው መሐንዲስ ይህን ሐሳብ ተቀብለው በ1926ና በ1927 ዓ.ም. በጥቂት መኪናዎች ላይ ሙከራ አደረጉ። በአንድ ማይል መንገድ ወደ 50 ፓውንድ ይደርስ የነበረው የከሰል ወጪ ከ40 ፓውንድ በታች ወረደ። ውጤቱ ከታየ በኋላ የቀሩትም መኪናዎች እንዲታደሱ ታዘዘ፤ ቦይለራቸው ከ180 ወደ 220 ፓውንድ ግፊት ከፍ ያለላቸው አዲሶቹ መኪናዎችም ኤ-3 ተባሉ። ይህም መሻሻል ፍሬውን ለማሳየት አልዘገየም። ከሜይ 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በበጋው ወራት ከለንደን ተነሥቶ በመንገድ ሳይቆም 632 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ኤዲንበርግ የሚገባ ባቡር ተቋቋመ። ነጂዎቹ በጕዞ ላይ እንዲፈራረቁ ግሬስሊ በከሰሉና በውሃው ማጠራቀሚያ ጎን 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መተላለፊያ አበጁ። ሰው ሊያልፍበት መቻሉንም በቤታቸው ወንበሮች ደርድረው በመካከሉ በመሽሎክሎክ እንደ ሞከሩት ይነገራል።

ሁለተኛው ፈተና ከጀርመን አገር መጣ። በ1933 ዓ.ም. በናፍታ የሚሠራ ፈጣን ባቡር በበርሊንና በሐምቡርግ መካከል ሥራ ጀመረ። የእንግሊዙ ኩባንያ ለለንደንና ለኒውካስል መንገድ ስለ እንዲህ ያለው ባቡር ጀርመኖቹን ቢጠይቅ፣ ጕዞው 4 ሰዓት ከሩብ እንደሚፈጅ መለሱ። ግሬስሊ ግን የእንፋሎት መኪና የበለጠ ክብደት እየሳበ ይህንኑ እንደሚሠራ አምነው ነበርና፣ በማርች 5 ቀን 1935 ዓ.ም. ፓፒረስ የተባለውን ኤ-3 መኪና ለሙከራ ላኩ። መኪናው ከ4 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ኒውካስል ገባ፤ በመመለሻውም በሰዓት 174 ኪሎ ሜትር ሮጠ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ኤ-4 የተባለው አዲስ ዓይነት ተወለደ። ፊቱ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ነፋሱን ይሰነጥቃል፤ በውስጡም የእንፋሎቱ መተላለፊያ ሁሉ ያለ ቍልምምና ያለ ጥበት ተሠርቷል። ግሬስሊ የፊቱን ቅርጽ ያገኙት ፈረንሳይ አገር ካዩት የቡጋቲ ባቡር ነው። በኋላ ለአንዳንዶቹ መኪናዎች የገባላቸው ባለ ሁለት አፍ ጭስ ማውጫም ከፈረንሳዊው መሐንዲስ ከአንድሬ ሻፕሎን ሥራ የተገኘ ነው። ከሌላ መማር ለእርሳቸው ውርደት አልነበረም። እስከ 1938 ዓ.ም. ድረስ ከዚህ ዓይነት 35 መኪናዎች ተሠሩ። በ1936 ዓ.ም. ንጉሡ የሰርነትን ማዕርግ ሰጧቸው።

በጁላይ 3 ቀን 1938 ዓ.ም. ማላርድ የተባለው ኤ-4 መኪና በነጂው በጆ ደዲንግተን እጅ የስቶክን ቍልቍለት ሲወርድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሰዓት ሮጠ። ከዚያ ወዲህም ይህን ያለፈ የእንፋሎት ባቡር መኖሩ አልተመዘገበም። የመለኪያው ወረቀት ለቅጽበት ያህል 126 ማይል እንደ ደረሰ የሚያሳይ ምልክት ነበረው። ግሬስሊ ግን የቅጽበት ምልክት ሊያሳስት ይችላል ብለው ከ125 ማይል በላይ አልተቀበሉም። 126 ማይል የሚለው ሰሌዳ በመኪናው ላይ የተለጠፈው እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም. ነው።

ይሁን እንጂ ሥራቸው እንከን የሌለበት ነበር አንልም። የመካከለኛው ሲሊንደር ቫልቭ የሚታዘዘው ከሁለቱ የጎን ቫልቮች በሚመጣ ዘንግ ነበር። ይህ ዘዴ ለሥራ የቀለለ ሆኖ ሳለ፣ መጋጠሚያዎቹ ሲበሉ ቫልቩ ከልኩ ያልፋል፤ በታላቅ ፍጥነትም ጊዜ ጭነቱ በመካከለኛው ክፍል ላይ ይበዛል። ማላርድ ራሱ ያን ዕለት የመካከለኛው ዘንግ መያዣ ግሎ ተበላሽቶበት፣ በዝግታ ፒተርቦሮ ከደረሰ በኋላ ለንደን የገባው ባቡር በሌላ መኪና ተስቦ ነው። ግሬስሊ በዚህ ዘዴ እንደ ጸኑ ሰር ሆነው በኤፕሪል 5 ቀን 1941 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሥርዓተ ቀብራቸውም በኔዘርሲል ተፈጸመ። በጦርነቱ ምክንያት የጥገና ሠራተኛ ሲያንስ ጉድለቱ ጐልቶ ታየ፤ ተተኪያቸውም በ1942 ዓ.ም. ባስመረመሩት ጊዜ ዘዴው ለአዲስ መኪና እንዳይደገም ተመከረ። በአንዱ ነገር ፈተናውን ተቀብለው የታረሙ ሰው፣ በሌላው ነገር ፈተናው ከእርሳቸው በኋላ ደረሰ።

የኤ-4 መኪናዎች በ1966 ዓ.ም. ከሥራ ወጡ፤ ከ35ቱም 6ቱ ለታሪክ ተጠብቀዋል። ለእኛ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚታወሰን ሌላ ነገር ነው። ግሬስሊ መኪና ሁሉ በአንድ ቦታ ቆሞ በትክክል የሚለካበት የመፈተኛ ጣቢያ በብሪታንያ እንዲሠራ ከ1927 ዓ.ም. ጀምረው ሲወተውቱ ኖረዋል። እስኪሠራም ድረስ አንዱን መኪናቸውን በ1934 ዓ.ም. ለመለኪያ ወደ ፈረንሳይ አገር ልከዋል። ጣቢያው በጦርነቱ ዘግይቶ በራግቢ ከተማ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት በመፈተኛው ላይ የወጣው የመጀመሪያው መኪና፣ ሰር ናይጅል ግሬስሊ ተብሎ በእርሳቸው ስም የተጠራው ኤ-4 ነበር።