ላቭክራፍትና በሩ ያልተዘጋው ዓለም

ድርሰት የአንድ ሰው የብቻ ሥራ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ደራሲው ብቻውን ያስባል፤ ብቻውን ይጽፋል፤ መጽሐፉ ሲታተምም በሽፋኑ ላይ የሚሰፍረው የእሱ ስም ብቻ ነው። ዳሩ ግን ብዙ ደራሲያን ወደ አንድ ምናባዊ ዓለም እየገቡ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አጭር ልብ ወለድ ጽፈው በአንድ መድበል የሚያሳትሙበት ልማድም አለ። አንዱ የፈጠረው ከተማ በሌላው ትረካ ውስጥ ይገኛል፤ የአንዱ ገጸ ባሕርይ በሌላው ታሪክ ውስጥ ያልፋል። ለዚህ የደቦ ድርሰት መንገድ ከጠረጉት መካከል ዋነኛው አሜሪካዊው ሐዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት ነው። የእሱ ሕይወት ለእኛ ለሙያ ባልደረቦች አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም የፈጠራ ሥራ ዕድሜው የሚረዝመው በአጥር ሲጠበቅ ነው ወይስ በሩ ሲከፈት የሚል ነው።

ላቭክራፍት በ1890 በሮድ አይላንድ ግዛት፣ በፕሮቪደንስ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገና ሕፃን ሳለ አባቱ የአእምሮ ሕመም ስለ ደረሰበት ሆስፒታል ገብቶ በ1898 እዚያው ሞተ። ልጁን ያሳደጉት እናቱ፣ አክስቶቹና አያቱ ነበሩ። በ1904 አያቱ ሲሞቱ የቤተሰቡ ሀብት ተበተነ፤ የተወለደበት ቤትም ከእጃቸው ወጣ። ላቭክራፍት በጤና መታወክ ምክንያት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይፈጽም ቀረ፤ ለበርካታ ዓመታትም ከሰው ተለይቶ በቤት ውስጥ ተቀመጠ።

ከዚህ ብቸኝነት ያወጣው የጸሐፊዎች ማኅበር ነበር። በ1914 ለገንዘብ ሳይሆን ለሙያው ፍቅር የሚጽፉ ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር አባል ሆነ። አባላቱ ትናንሽ መጽሔቶችን በየቤታቸው እያዘጋጁ በፖስታ ይለዋወጡ፣ አንዱም የሌላውን ጽሑፍ ይሔስ ነበር። ላቭክራፍት ጽሑፍን እንደ ስጦታ መስጠትና መቀበልን የተማረው በዚህ ስፍራ ነው። ይህ ልማድ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም።

በ1923 «ዊርድ ቴልስ» የተባለው የአስፈሪ ታሪኮች መጽሔት ሲቋቋም ላቭክራፍት ከዋና ዋና ጸሐፊዎቹ አንዱ ሆነ። በ1924 ሶንያ ግሪን የተባለችውን ሴት አግብቶ ወደ ኒውዮርክ ሄደ፤ ነገር ግን ሥራ አላገኘም፤ ትዳሩም አልጸናም። በ1926 ወደ ፕሮቪደንስ ተመልሶ፣ በዚያው ዓመት «የክቱሉ ጥሪ» የተሰኘውን ታሪክ ጻፈ። መጽሔቱ መጀመሪያ አልቀበልም ቢልም ታሪኩ በ1928 ታትሞ ወጣ። በዚህና በሌሎች ሥራዎቹ ከሰው ልጅ በፊት ከከዋክብት የመጡ ኃያላን ፍጡራንን፣ አርካም የተባለችውን ምናባዊ ከተማና ኔክሮኖሚኮን የተባለውን የልብ ወለድ መጽሐፍ አስተዋወቀ። የታሪኮቹ መሠረተ ሐሳብ አንድ ነው፤ ጠፈር ለሰው ልጅ ጠላትም ወዳጅም አይደለም፤ ከነጭራሹ አያውቀውም።

ላቭክራፍት ይህን ዓለም የግል ርስቱ አላደረገውም። በካሊፎርኒያ የሚኖረው ክላርክ አሽተን ስሚዝ ጻቶጓ የተባለውን ጣዖት ሲፈጥር ላቭክራፍት ወስዶ በራሱ ታሪክ ውስጥ አስገባው። የቴክሳሱ ሮበርት ሐዋርድ የፈጠረውንም የምሥጢር መጽሐፍ እንዲሁ ጠቀሰው፤ እነሱም በፈንታቸው የእሱን አማልክት ተዋሱ። ኑሮውን ይደጉም የነበረው የሌሎችን ረቂቅ በማረም ነበርና፣ በሚያርማቸው ታሪኮች ውስጥ እንኳ የራሱን አማልክት ስም ጣል ያደርግ ነበር። አንባቢያን አንድን ስም በልዩ ልዩ ደራሲያን ጽሑፍ ውስጥ ሲያገኙት እውነተኛ አፈ ታሪክ መሰላቸው። ኔክሮኖሚኮን የት እንደሚገኝ ለሚጠይቁት ግን ፈጠራ መሆኑን በግልጽ ይነግራቸው ነበር።

የዚህ ልውውጥ ግሩም ምሳሌ የሮበርት ብሎክ ነው። ብሎክ በ1935 ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ ላቭክራፍትን የሚመስል ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ በታሪኩ ውስጥ ሊገድለው ፈለገ፤ ላቭክራፍትም በደስታ በጽሑፍ ፈቀደለት። ከዚያም ብሎክን የሚመስል ወጣት ፈጥሮ በተራው ገደለው። በዕድሜ ትልቁና በሙያው የታወቀው ደራሲ ታናሹን እንደ እኩያ ቆጥሮ ተጫወተው።

የገንዘቡ ነገር ግን ሌላ ነበር። ላቭክራፍት በሕይወት ሳለ በመጽሐፍ መልክ የታተመለት አንድ ታሪክ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በ1936 በጥቂት ቅጂዎች የወጣው የኢንስማውዝ ታሪክ ነው። መጋቢት 1937 በአንጀት ካንሰር ሲሞት ዕድሜው 46፣ ኑሮውም የድህነት ነበር።

ከሞቱ በኋላ ኦገስት ደርለትና ዶናልድ ዋንድሬ በ1939 አርካም ሃውስ የተባለውን ማተሚያ ድርጅት አቋቁመው ሥራዎቹን በ1,268 ቅጂዎች አሳተሙ። ደርለት ባይኖር ኖሮ ላቭክራፍት ምናልባት ተረስቶ ይቀር ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ባለውለታ የወዳጁን ግዑዝ ጠፈር የደግና የክፉ ኃይሎች ጦር ሜዳ አደረገው፤ ሌሎችም ያለ ፈቃድ በዚያ ዓለም እንዳይጽፉ የሚከላከል ሆነ። ቢሆንም በ1969 የላቭክራፍትን፣ የጓደኞቹንና እንደ ራምሴ ካምቤል ያሉትን ወጣቶች ታሪኮች በአንድ መድበል ሰብስቦ አወጣ። በ1979 ሮበርት አስፕሪን በአንዲት ምናባዊት ከተማ የሚኖሩ ገጸ ባሕርያትን ከብዙ ደራሲያን ጋር ሆኖ በመድበል ማውጣት ሲጀምር፣ በወዳጅነት የተጀመረው ልማድ አስቀድሞ የታቀደ የኅትመት ሥራ ሆነ።

የላቭክራፍትን ጉድለት ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። ለጥቁር ሕዝቦችና ለስደተኞች የነበረው ንቀት በደብዳቤዎቹም በታሪኮቹም ውስጥ በግልጽ ይታያል። ከ1975 ጀምሮ ለዓለም የምናባዊ ድርሰት ሽልማት ይሰጥ የነበረው የእሱ ምስል፣ ናይጄሪያዊ ዝርያ ያላት ደራሲት ንኔዲ ኦኮራፎርና ሌሎችም ባነሡት ቅሬታ የተነሣ በ2015 እንዲቀየር ተወሰነ። በ2016 ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊው ቪክተር ላቫል ከላቭክራፍት ታሪኮች ሁሉ በጥላቻ የሚታወቀውን የሬድ ሁክን ታሪክ ወስዶ፣ ከአንድ ጥቁር ሰው ዓይን እንደ ገና ጻፈው።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልሱ ከዚህ ይገኛል። በሩን የከፈተ ደራሲ ማን እንደሚገባ መምረጥ አይችልም። ደርለት ገብቶ ሐሳቡን ለወጠ፤ ላቫል ገብቶ ጥላቻውን ፊት ለፊት ሞገተ። ላቭክራፍት የናቃቸው ሰዎች ልጆች ዛሬ በእሱ ዓለም ውስጥ ባለቤት ሆነው ይጽፋሉ። ዓለሙ እስከ ዛሬ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአንድ መድበል ለመጻፍ የሚነሡ ባልደረቦች የከተማውን ካርታና የገጸ ባሕርያቱን ስም ከመወሰናቸው በፊት ሊነጋገሩበት የሚገባ ቁም ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ደራሲ የፈጠረው ነገር በሌላው እጅ ተለውጦ፣ ምናልባትም ተነቅፎ ሲያገኘው ለመቀበል ዝግጁ መሆን አለበት። ለዚህ ያልተዘጋጀ ሰው ለብቻው ቢጽፍ ይሻለዋል።