ሊሊያን ጊልብሬዝ፦ የ12 ልጆች እናት፣ የኩሽና መሐንዲስ

በኦክላንድ ከተማ እምብርት የሚገኘው ሌክ ሜሪት በስሙ ሐይቅ ይባል እንጂ ውሃው የባሕር ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ እየገባ ከፍና ዝቅ ይላል። የከተማዋ ከንቲባ የነበሩት ሐኪም ሳሙኤል ሜሪት ረግረጉን ካስገደቡ በኋላ፣ እ.አ.አ በ1870 ስፍራው አደን የተከለከለበት የአዕዋፍ መጠለያ ሆነ። በአሜሪካ በሕግ የታወቀ የመጀመሪያው የዱር እንስሳት መጠለያም ይኸው ነው። ዛሬ ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው የቴሌግራፍ ጎዳና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። በእነዚያ ምግብ ቤቶች ማድ ቤትም ሆነ በአዲስ አበባ ቤቶች፣ በሐሳባቸው ያልተነካ ኩሽና ማግኘት የሚያስቸግራቸው አንዲት ሴት የተወለዱት በዚህችው ከተማ ነበር።

ሊሊያን ሞለር የተወለዱት ግንቦት 24 ቀን 1878 እ.አ.አ ነው። አያታቸው ፍሬድሪክ ዴልገር ከጀርመን የመጡ ጫማ ሰፊ ሲሆኑ፣ በኦክላንድ መሬት እየገዙ ከከተማዋ ቀዳሚ ሚሊየነሮች አንዱ ለመሆን በቅተዋል። ሊሊያን የቤቱ ታላቅ ልጅ ነበሩ። ዓይን አፋር በመሆናቸው እስከ ዘጠኝ ዓመታቸው ድረስ ቤት ውስጥ ተማሩ። እናታቸው በየጊዜው አራስ ስለነበሩም ታናናሾቻቸውን የመንከባከቡ ኃላፊነት በእርሳቸው ላይ ወደቀ።

በዘመኑ የባለጸጋ ልጅ ኮሌጅ መግባቷ እንደ ቁም ነገር አይቆጠርም ነበር። አባታቸው ዊልያም ሞለር ብዙ ካቅማሙ በኋላ የፈቀዱት፣ ልጃቸው ከቤት እየተመላለሱ እንዲማሩ፣ የቤት ሥራቸውንም እንዳያጓድሉ በማሰብ ነበር። እርሳቸውም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሥነ ጽሑፍ አጥንተው በ1900 ተመረቁ። በምረቃው በዓል ላይ ንግግር ያደረጉ የመጀመሪያዋ የዩኒቨርሲቲው ሴት ተመራቂም ሆኑ። በ1902 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ።

በ1903 ወደ አውሮፓ ለመጓዝ ቦስተን ሲደርሱ ፍራንክ ጊልብሬዝን ተዋወቁ። ፍራንክ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም፤ በ17 ዓመታቸው ጡብ ደርዳሪ ሆነው የጀመሩና በኋላ የራሳቸውን የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ያቋቋሙ ሰው ናቸው። ሁለት ግንበኞች አንዱን ጡብ በተለያየ መንገድ እንደሚያስቀምጡ አስተውለው አላስፈላጊውን እንቅስቃሴ ነጥለው በማውጣት፣ አንድ ጡብ ለማስቀመጥ ይፈለግ የነበረውን 18 እንቅስቃሴ ወደ አምስት ገደማ አወረዱት። ጥቅምት 19 ቀን 1904 በኦክላንድ ተጋቡ። ሙሽራዋ 26፣ ሙሽራው 36 ዓመታቸው ነበር።

ትዳሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሥራ ሽርክናም ነበር። ሁለቱ የሠራተኛን እጅ በፊልም ካሜራ፣ ሰዓት አጠገቡ አስቀምጠው ይቀርጹ ነበር። የሥራ ቅልጥፍና አባት የሚባሉት ፍሬድሪክ ቴይለር ሰዓት ቆጥረው ሠራተኛው እንዲፈጥን ሲሹ፣ ጊልብሬዞች ጥያቄውን አዞሩት፤ ሠራተኛው ሳይደክም እንዲሠራ ምን ይደረግ? ይህ ጥያቄ የመጣው በአብዛኛው ከሊሊያን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሥነ ልቦና ያጠኑት እርሳቸው ነበሩና።

የጻፉትን የዶክትሬት ጥናት ግን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አልተቀበለውም። ምክንያቱ በአካባቢው አለመኖራቸው ነበር። ጥናቱ የአስተዳደርን ሥነ ልቦና የሚመለከት ሲሆን በ1914 በመጽሐፍ መልክ ታተመ። አሳታሚው ግን የሴት ስም ገበያ ያሳጣል ብሎ በመስጋቱ፣ በሽፋኑ ላይ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ሰፈሩ። አንባቢው ደራሲው ወንድ ይመስለው ዘንድ ነው። ሊሊያን ሌላ ጥናት እንደገና ጀምረው በ1915 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። በእነዚያ ዓመታት ልጅ መውለዳቸውንም አላቋረጡም። በጠቅላላው 12 ልጆች ተወለዱላቸው። ከእነዚህ አንዷ ሜሪ በ1912፣ ገና በአምስት ዓመቷ፣ በዲፍቴሪያ በሽታ ሞተችባቸው።

ሰኔ 14 ቀን 1924 ፍራንክ በኒው ጀርሲ ሞንትክሌር ከባቡር ጣቢያ ለባለቤታቸው ስልክ ደውለው እየተነጋገሩ ሳለ በልብ ሕመም ወደቁ፤ ሕይወታቸውም አለፈ። ሊሊያን በ46 ዓመታቸው ከ11 ልጆች ጋር መበለት ሆኑ። ትንሿ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር።

በሐዘን ቤት የሚጠበቅባቸው ምን እንደነበር አንባቢ ይገምታል። እርሳቸው ግን ከቀብሩ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ መርከብ ተሳፈሩ። ባለቤታቸው በለንደንና በፕራግ በሚካሄዱ ጉባኤዎች ሊያቀርቡት የነበረውን ሥራ በቦታቸው ተገኝተው አቀረቡ።

ሲመለሱ የጠበቃቸው ከሐዘኑ ያልተናነሰ ፈተና ነበር። ለዓመታት በጥንዶቹ ምክር የሠሩ ድርጅቶች ከሴት መሐንዲስ ጋር ለመዋዋል ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀሩ። ሊሊያን በቤታቸው የእንቅስቃሴ ጥናት ትምህርት ከፍተው ከኩባንያዎች የሚላኩ ባለሙያዎችን ማስተማር ጀመሩ። በሩ የተዘጋባቸው በፋብሪካው በኩል ስለነበረም፣ ወንዶቹ የሴት ጉዳይ ነው ብለው ችላ ወዳሉት ኩሽና ፊታቸውን አዞሩ።

በጄኔራል ኤሌክትሪክ ሥራቸው ከ4000 በላይ ሴቶችን አነጋግረው፣ የምድጃና የዕቃ ማጠቢያ ከፍታ ከሴቲቱ ቁመት ጋር ምን ያህል መስማማት እንዳለበት አጠኑ። ለምጣድ ጎንበስ ብሎ ሲጋግር የዋለ ወገብ ይህ ጥናት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። በ1929 በኒው ዮርክ የታየው ሞዴል ኩሽናቸው ምድጃውን፣ ማጠቢያውንና የሥራ ጠረጴዛውን ያቀራረበ ነበር። በአንድ ሙከራ፣ የእንጆሪ ኬክ ለማዘጋጀት 281 እርምጃ ይጠይቅ የነበረው ሥራ ወደ 45 ወርዷል። በእግር እየተረገጠ የሚከፈተው የቆሻሻ ማጠራቀሚያና በማቀዝቀዣ በር ውስጥ ያሉት መደርደሪያዎች ለእርሳቸው የሚሰጡ ፈጠራዎች ናቸው። የሚያስገርመው፣ ሊሊያን ራሳቸው ወጥ ሠሪ አልነበሩም። በቤታቸው የሚያበስለው ሌላ ሰው ነበር።

በ1935 በፐርድዩ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ሆኑ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልባቸው ያዘነበለው ወደ አካል ጉዳተኞች ነው። በአንድ እጅ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ቤቷን የምታስተዳድር ሴት የምትገለገልበትን ኩሽና ነደፉ። ለፋብሪካ ትርፍ የተጀመረው ዕውቀት ከዚህ የተሻለ ቦታ የደረሰበት ጊዜ ያለ አይመስልም።

ልጆቻቸው ፍራንክ ታናሹና ኧርነስቲን ስለ ቤተሰቡ የጻፉት አስቂኝ መጽሐፍ በ1948 ታትሞ እጅግ ተነበበ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ፊልም ሆነ። ሳቁ በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በአባት ዙሪያ ስለሆነ፣ ብዙ አንባቢ ሊሊያንን የሚያውቃቸው እንደ ታጋሽ እናት ብቻ ነው። አሥራ አንዱንም ልጆች ኮሌጅ ያስገባው ግን የእናትየው ደመወዝ ነበር። የልጅ ልጆች ካዩ በኋላም እየተጓዙ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በ1965 ለአሜሪካ ብሔራዊ የምሕንድስና አካዳሚ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው 87 ነበር። በማግስቱ ዓመትም የሁቨር ሜዳልያ ተሸለሙ።

ሊሊያን ጊልብሬዝ ጥር 2 ቀን 1972 በፊኒክስ፣ አሪዞና በ93 ዓመታቸው አረፉ። በ1984 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስላቸውን የያዘ ባለ 40 ሳንቲም ቴምብር አወጣ። በዚህኛው ላይ ሊሊያን የሚለው ስማቸው ሳይታጠር ተጽፏል።