ፌሬንጽ ሞልናርና «የክብር ዘበኛው»

ቴአትር ተመልክታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከመድረኩ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ተመልካች የተዋናዩን ድምፅ ይሰማል፤ እንቅስቃሴውንም ያያል፤ በዓይኑ ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን ስሜት ግን ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙና የሀንጋሪያዊውን ጸሐፌ ተውኔት የፌሬንጽ ሞልናርን ታሪክ አንብቡ። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሞልናር በ1878 በቡዳፔስት ከአንድ ሐኪም ቤተሰብ ተወለደ። ሕግ ቢማርም ልቡ ወደ ጽሕፈት አዘነበለና ጋዜጠኛ ሆነ። በ1907 በመጽሐፍ መልክ የወጣው «የጳውሎስ መንገድ ልጆች» የተሰኘው ልብ ወለዱ የእናንተን ዕድሜ የሚመስሉ ልጆችን ታሪክ የያዘ ስለሆነ ብታገኙት ትወዱታላችሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። በ1910 «የክብር ዘበኛው» የተባለውን አስቂኝ ተውኔት አቀረበ። በዚህ ተውኔት ውስጥ አንድ ተዋናይ ተዋናይት የሆነችውን ሚስቱን ይጠረጥራል። ሊፈትናትም ስለፈለገ የክብር ዘበኛ መኮንን መስሎ በመቅረብ ፍቅሯን ይለምናል። የዚህን ሰው ጭንቀት አስቡት! እሺ ካለችው ትዳሩ ፈረሰ፤ ዐውቃበት ከሳቀችበት ደግሞ የተዋናይነት ክብሩ ተዋረደ። በመጨረሻ ማንነቱን ሲገልጥላት ከመጀመሪያው ጀምሮ ዐውቄህ ነበር ትለዋለች። እውነቷን ይሁን አይሁን ደራሲው አይነግረንም። የሚገርመው፣ ሞልናር ይህን ሲጽፍ ገና ተዋናይት አላገባም ነበር፤ ከሦስቱ ሚስቶቹ ሁለቱ ተዋናዮች የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው።

ተውኔቱ በ1924 በኒው ዮርክ ሲታይ ሁለቱን ዋና ገጸ ባሕርያት ሆነው የተጫወቱት በእውነተኛው ኑሮም ባልና ሚስት የሆኑት አልፍሬድ ለንትና ሊን ፎንታን ነበሩ። እነዚሁ ተዋናዮች በ1931 በሲድኒ ፍራንክሊን አዘጋጅነት በፊልም ሠሩት። የፊልሙን ጽሑፍ ካሰናዱት አንዱ ሀንጋሪያዊው ኤርነስት ቫይዳ ነበር። ፊልሙ እንደ ተውኔቱ ከቤት ውስጥ አይጀምርም፤ ባልና ሚስቱ በቴአትር ቤት የሌላ ተውኔት መደምደሚያ ሲጫወቱ ያሳያል። ስለዚህ ተመልካቹ ማስመሰል ሙያቸው መሆኑን በቃል ሳይነገረው በዓይኑ ያያል። ከሁሉ የከበደው ግን መጨረሻው ይመስለኛል። ካሜራው የሚስቲቱን ፊት አቅርቦ ስለሚያሳይ ምሥጢሩ በቀላሉ ሊገለጥ ይችል ነበር። ፎንታን ግን ያን ሁሉ ቅርበት በአንዲት ፈገግታ አለፈችው፤ ጥርጣሬውም ሳይፈታ ቀረ። ሁለቱም ለኦስካር ሽልማት ታጭተው ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ በዋና ተዋናይነት ወደ ፊልም አልተመለሱም፤ መድረኩን መረጡ።

ሞልናር አይሁዳዊ ስለነበረ የናዚዎች ኃይል በአውሮፓ ሲበረታ ተሰደደ፤ በ1940ም አሜሪካ ገባ። በዓመቱ የዚያው ተውኔት ታሪክ ሙዚቃ ተጨምሮበት እንደገና በፊልም ተሠራ። እሱ ግን አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1952 በኒው ዮርክ ዐረፈ።