የአፄ ኢያሱ ሕመምና የሐጅ ዓሊ መንገድ

ጎንደርን ያየ ሰው የአፄ ኢያሱን ግንብ ሳያይ አይመለስም። አድያም ሰገድ የተባሉት ቀዳማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. ከ1682 እስከ 1706 የነገሡ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመሠረቱ፣ ዘመቻ የሚያዘወትሩ ኃያል ንጉሥ ነበሩ። ያ ሁሉ ኃይል ግን አንድ ነገር ሊያስገኝላቸው አልቻለም፤ ጤና።

ንጉሡ በቆዳ ሕመም ይሰቃዩ ነበር፤ አንድ ልጃቸውም ታሞባቸው ነበር። ስለዚህ ከካይሮ ሐኪም እንዲመጣላቸው ፈለጉ። ለዚህ ጉዳይ የታመኑት ሰው ጳጳስም መኳንንትም አልነበሩም። ሐጅ ዓሊ የተባሉ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ።

ሐጅ ዓሊ ሻርል ፖንሴ የተባለውን ፈረንሳዊ ሐኪም ይዘው እ.ኤ.አ. በጁን 1698 ከካይሮ ተነሡ። በረሃውን አቋርጠው፣ በዶንጎላና በስናር አልፈው ጎንደር የገቡት በጁላይ 1699 ነው። አብሯቸው የነበረው ኢየሱሳዊ ቄስ ከተማዋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው በመንገድ ሞተ። ፖንሴ ንጉሡን አክሞ እንደዳኑለት ጽፏል።

እስቲ አሁን የሐጅ ዓሊን ወገኖች ኑሮ እንመልከት። የንጉሡ አባት አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1668 ባስደረጉት ጉባኤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲኖር ተወስኖ ነበር። ፖንሴ ሲመጣም ሙስሊሙ በከተማዋ ግርጌ በተለየ ሰፈር ይኖር ነበር። ሰፈሩ እስላም ቤት ይባል ነበር፤ ኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ነው።

ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ሌሊት ሲነቃ፣ ይህ ባይኖርብኝ ኑሮዬ ምን ይመስል ነበር ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ንጉሥም ቢሆን ሰው ነውና ያስባል። የእስላም ቤት ሰውስ? የእርሱ ሕመም በገላው ላይ አልወጣም፤ በአዋጅ የወጣ ነበር። እርሱም ያለዚያ አዋጅ ልጆቹ የት ቤት ይሠሩ እንደነበር ቢያስብ ምን ያስገርማል? ልዩነቱ ይህ ነው፤ የንጉሡ መድኃኒት ከአንድ ዓመት በላይ መንገድ ተሂዶ መጣ፤ የሙስሊሙ መድኃኒት ግን እዚያው በንጉሡ አፍ ላይ ነበር። ገላቸውን ለሙስሊም ያመኑት ንጉሥ ያችን ቃል ሳይናገሩ አለፉ።

የተመለሰው ጤናም ዘላቂ ዋስትና አልሆናቸውም። እ.ኤ.አ. በ1706 ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ዙፋኑን ያዘ፤ እርሳቸውም በጣና ደሴት ላይ ተገደሉ። ሙስሊሙ ግን መጠበቁን ቀጠለ። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለእኩልነት አደባባይ ወጣ፤ የመሬት ባለቤትነት ጉዳይም መልስ ያገኘው በየካቲት 1967ቱ አዋጅ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አስተምረውናል፤ ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ.) ደግሞ የትዕግሥት ምሳሌያችን ናቸው። ከአላህ ለሚመጣ ሕመም ሶብር እናደርጋለን፣ ሐኪምም እንፈልጋለን። ሰው በሰው ላይ የሚጭነውን ሕመም ግን ቀደር ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ መድኃኒቱ በእጁ ያለ ሰው ይጠየቅበታልና። ይህ ለነገሥታት ብቻ የተባለ አይደለም። በቤታችን በሠራተኛችን ላይ፣ በገበያም በደካማው ላይ የጫንነው ካለ በአንዲት ቃል ልናነሣው የምንችለው ሊሆን ይችላል።

አላህ ሕሙማንን ይፈውስ፤ እኛንም ከሌላው ሰው ሕመም መሆን ይጠብቀን። አሚን።