ኢዮብ ሉዶልፍና የአባ ጎርጎርዮስ ትምህርት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ውርጌሳ ላይ አረፍ ብሎ እግሬን አመመኝ ቢል፥ ሰዋስው ተናገረ ብሎ የሚያስብ የለም። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመለከተው፥ እግር የሚለው ስም አስቀድሞ ባለቤቱን ተሸክሞ እግሬ ሆኗል፤ ቀጥሎም ን ጨምሮ ተሳቢ ሆኗል፤ ታማሚው ሰውዬ ደግሞ በግሡ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አድራጊው ግን ስም የለውም። እንዲህ ያለውን ቋንቋ አገራችንን ያላየ ሰው እንደምን ሊጽፈው ቻለ?

ኢዮብ ሉዶልፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1624 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። ግዕዝን ከመጻሕፍት ተማረ፤ የሚያነጋግረው ሰው ግን አልነበረውም። በ1649 ሮማ ላይ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። እኒህ አባት ዛሬ በወሎ ከሚገኘው ከመካነ ሥላሴ የተወለዱ አማራ ሲሆኑ፥ ዐፄ ፋሲለደስ የኢየሱሳውያንን ካህናት ባባረሩ ጊዜ ከአገር የወጡ ናቸው። በ1652 መስፍኑ ኤርነስት ጋብዟቸው ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ሄዱ። ሁለቱም በልጅነታቸው ያልተናገሩት ግዕዝ መነጋገሪያቸው ሆነ፤ አማርኛውንም ሉዶልፍ በይበልጥ ከእኒሁ አባት አፍ ለቀመ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በግዕዝ እድ ባለቤት ሲጨመርበት እዴየ፣ እዴከ፣ እዴሁ ይላል፤ አፍም አፉየ፣ አፉከ ይሆናል። አማርኛ ይህን አቅልሎ እጄ፣ እጅህ፣ እጁ ቢልም፥ አፈ ሙዝ፣ እጀ ጠባብ፣ ራሰ በራ በሚሉት ውስጥ የግዕዙን አያያዝ አልለቀቀም። ትርጓሜውም ከአካል ወጥቶ ይሄዳል። ራሱ መጣ ስንል ጭንቅላት አናስብም፤ በፊት ስንል ዓይንና አፍንጫ ያለበትን ፊት አናስብም፤ እናት ልጅዋን ሆዴ ስትል ስለ ምግብ አትናገርም። በግሪንላንድ ቋንቋም የአካል ስም ባለቤቱን በጫፉ ይይዛል፤ ትምህርት ቤት የባዕድ ሰዋስው ስናጠና የኖርን እኛ ግን በራሳችን አፍ ያለውን አንዳንዴ የምናየው ባዕድ ሲያሳየን ነው።

ከአንድ ሰው አፍ የተለቀመ ቋንቋ ሙሉ እንደማይሆን እናውቃለን። ይሁን እንጂ መጠየቂያው ጊዜ አጭር ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በሶርያ ጠረፍ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ሉዶልፍ የቀረውን ከማስታወሻው እየፈለገ አርባ ዓመት ቆየ፤ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አሳተመ። የመምህሩን አገር ሳይረግጥ በ1704 በዚያችው ከተማ አረፈ።