ጨጓራን የመረመሩ ካህን፦ አባ ላዛሮ ስፓላንዛኒ

በገበያ ቀን በደብረ ማርቆስ አካባቢ ወደምትገኘው ሮብ ገበያ የወጣ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ሦስት ዓይነት አበላል ያያል። ዶሮዋ ጥሬውን ሳታኝክ ትውጣለች፤ በሬው የዋጠውን መልሶ እያመጣ ያመሰኳል፤ ባለቤቱም ቆሎውን በጥርሱ አድቅቆ ይበላል። አበላላቸው ይለያይ እንጂ ለሦስቱም ምግቡ ሥጋና ኃይል ይሆናቸዋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን በመመርመር ዘመናቸውን ያሳለፉትን የአንድ ካህን ታሪክ ለክቡራን አንባብያን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ላዛሮ ስፓላንዛኒ በ1729 በሰሜን ኢጣሊያ፣ በስካንድያኖ ከተማ ከሕግ አዋቂ ቤተሰብ ተወለዱ። በሬጆ በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ሕግ እንዲያጠኑ ወደ ቦሎኛ ተላኩ። በዚያ ዘመዳቸው ላውራ ባሲ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ በዘመኑ ሴት በዩኒቨርሲቲ ስታስተምር ማየት ብርቅ ነበር። ወጣቱ ላዛሮ በእርሳቸው አበረታችነት ሕጉን ትተው ወደ ተፈጥሮ ጥናት አዘነበሉ፤ ማዕርገ ክህነትንም ተቀበሉ። በሬጆና በሞዴና ካስተማሩ በኋላ፣ ከ1769 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ መምህር ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ሊቃውንት ስለ ጨጓራ ሥራ አልተስማሙም ነበር። ከፊሎቹ ጨጓራ እንደ ወፍጮ ይፈጫል ሲሉ፣ ሌሎቹ ምግቡ እንደ ጠላ ይብላላል ወይም ይበሰብሳል ይሉ ነበር። የእኛም ቋንቋ ምግብ ተፈጨ ሲል ከወፍጮው ወገን የቆመ ይመስላል። በ1752 የፈረንሳዩ ሊቅ ሬኦሚር ሥጋ የያዘ ቀዳዳ ያለው የብረት ቱቦ ለአንድ ጭልፊት አዋጠው። ቱቦው ሥጋውን ከመጨፍለቅ ይጠብቀዋል፤ ፈሳሽ ግን በቀዳዳው ይገባል። ጭልፊቱ ቱቦውን መልሶ ሲተፋው ሥጋው ሟሙቶ ተገኘ።

አባ ላዛሮ ይህን ፈለግ ተከትለው በዶሮና በእርግብ፣ በቁራና በጉጉት፣ በእንቁራሪትና በእባብ፣ በዓሣ፣ በበግ፣ በበሬና በፈረስ ሞከሩት። ተርኪ የሚባለው ትልቅ የዶሮ ወገን ጠንካራ ጨጓራ ያዋጡትን የብረት መርፌ ሳይቀር ሰባበረው። ነገር ግን በቱቦ ውስጥ ያልተሰበረ እህል ሳይሟሟ ሲቀር፣ የተከካው ሟሟ። በበግም እንዲሁ፣ ያልታኘከው ሣር እንዳለ ሲቀር የታኘከው ሟሙቶ ተገኘ። በመሆኑም መፍጨቱ መሰናዶ እንጂ ፍጻሜ አለመሆኑ ታወቀ፤ ዋናው ሥራ የጨጓራው ፈሳሽ ነው።

ስለ ሰውስ? ይህን ለማወቅ ሌላ ሰው አላስቸገሩም። የታኘከ ዳቦ በትንሽ የተልባ እግር ከረጢት ሰፍተው ራሳቸው ዋጡ። ከረጢቱ ከ23 ሰዓት በኋላ ሲወጣ ስፌቱ ሳይፈታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። በባዶ ሆዳቸው ራሳቸውን እያስመለሱ የገዛ ጨጓራቸውን ፈሳሽ አጠራቀሙ። ከአእዋፍ የወሰዱትን ፈሳሽም ከሥጋ ጋር በብርጭቆ ቱቦ አድርገው ለቀናት በብብታቸው አሞቁት፤ ሥጋው ሳይበሰብስ ሟሟ። ውጤቱን በ1780 አሳተሙ። ሆኖም ሁሉን አላወቁም፤ ፈሳሹ አሲድ መሆኑን አልተቀበሉም ነበር። በ1824 እንግሊዛዊው ሐኪም ፕራውት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንዳለበት አረጋገጡ፤ በ1836 ደግሞ ጀርመናዊው ሽቫን ፔፕሲንን አገኙ።

በ1785 ወደ ቁስጥንጥንያ ሲጓዙ በሌሉበት የቤተ መዘክር ንብረት ሰርቀዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ከምርመራ በኋላ ግን ነጻ ወጡ። በመጨረሻ ዓመታቸው ወደ መተንፈስ ጥናት ዞሩ። ላቮይዚየ የሰውነት ቃጠሎ በሳንባ ውስጥ ይካሄዳል ወደሚል አሳብ ያደላ ነበር። አባ ላዛሮ ግን ቀንድ አውጣንና ሌሎች ፍጥረታትን መርምረው፣ ሳንባ ብቻ ሳይሆን ቆዳና ሥጋ ሁሉ ኦክሲጅን እንደሚወስድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንደሚያወጣ አሳዩ። በ1799 በፓቪያ አረፉ፤ ይህ ሥራቸው በ1803 ታተመ።

ስለ እኚህ ሰው ስንጽፍ ብዙ እንስሳት በእጃቸው መሠቃየታቸውን መሸፈን አይገባንም። የቀንድ አውጣዎችን ራስ ቆርጠዋል፤ የሌሊት ወፎችን ዓይን አጥፍተዋል። እውቀታቸውን የወረስን እኛ ግን እንስሳትን ከሥቃይ ለማዳን ልንጠቀምበት እንችላለን።

ለአብነት፣ መብላትና መተንፈስ በአንድ በሬ አካል ውስጥ የሚገናኙበትን እንመልከት። በትልቁ ጨጓራው የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፍጥረታት ሣሩን ሲያብላሉ ብዙ አየር ይፈጠራል፤ በሬውም ያን አየር እያገሳ ያስወጣዋል። በመስከረም ርጥብ ማጌት በብዛት ከጋጠ ግን አየሩ በአረፋ ይታፈናል፤ በስተግራ ያለው ጎኑ ይነፋል፤ ጨጓራው ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ገፍቶ ሳንባውን ይጫናል። በሬው የሚሞተው እንግዲህ ትንፋሽ አጥቶ ነው። ስለዚህ የተራበን በሬ ማጌት ወደ በዛበት ርጥብ መስክ ከማሰማራት አስቀድሞ ጭድ ወይም ድርቆሽ ማብላት ይበጃል። ግራ ጎኑ ተነፍቶ ከታየም ሳይዘገዩ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል፤ የቀረው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነውና። በሬውን ያጣ ገበሬ የሚቀጥለውን ዓመት እህል እንዳጣ ይቆጠራል።