ዜአሚ ሞቶኪዮ፤ እስከ ሽምግልናው ተማሪ የነበረ የጭምብል ተወዛዋዥ

አብዛኞቻችን ትምህርትን በዓመት እንቈጥረዋለን። ይህን ያህል ዓመት ተምረን፥ ፈተናውን አልፈን፥ ዲፕሎማውን ከተቀበልን በኋላ የተማርን ሰዎች ተብለን እንወጣለን። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በጃፓን አገር ይኖር የነበረው ዜአሚ ሞቶኪዮ ግን ይህን አሳብ የሚቀበል ሰው አልነበረም። በእርሱ እምነት ሰው በሕፃንነቱም፥ በጕልምስናውም፥ በሽምግልናውም ጀማሪ ነው። ታሪኩ ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅም ስለ መሰለኝ ባጭሩ አቀርበዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዜአሚ የተወለደው በ1363 ገደማ ነው። አባቱ ካንአሚ ሳሩጋኩ የሚባለውን ጨዋታ የሚያሳይ የተዋናዮች ጓድ አለቃ ነበር። በዚያ ዘመን ተዋናይ ከለማኝ ብዙ የማይሻል ዝቅተኛ ሰው ተደርጎ ይቈጠር ነበር። ካንአሚ ግን ግጥሙን፥ ዜማውን፥ የዋሽንቱንና የከበሮውን ድምፅ፥ ውዝዋዜውንም አዋሕዶ ጨዋታውን ወደ ከፍተኛ ጥበብ አደረሰው። ዋናው ተዋናይ አብዛኛውን ጊዜ ከእንጨት የተቀረጸ ጭምብል አጥልቆ የሚጫወተው ኖ የሚባለው ቴያትር ከዚህ የመጣ ነው።

በ1374 ገደማ አባትና ልጅ በኪዮቶ ከተማ፥ ኢማጉማኖ በተባለ ስፍራ ተጫወቱ። አገሩን በሥልጣኑ የያዘው ሾጉን፥ ማለት የጦር አበጋዙ፥ አሺካጋ ዮሺሚትሱ የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ሆኖ ይመለከት ነበር፤ ዜአሚም ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ነበረ። ሾጉኑ ባየው ነገር እጅግ ስለ ተደነቀ ጓዱን ከጥበቃው በታች አደረገ። ኒጆ ዮሺሞቶ የተባለው ታላቅ መኰንንና ባለ ቅኔም ልጁን ግጥም አስተማረው። በ1378 በጊዮን በዓል ዮሺሚትሱ ልጁን ከራሱ ሰገነት ላይ አጠገቡ ባስቀመጠው ጊዜ፥ አንድ የቤተ መንግሥት ሹም የለማኝ ወገን ከሾጉን ጋር ተቀመጠ ብሎ በማስታወሻው ላይ በምሬት ጻፈ።

በ1384 ካንአሚ በሱሩጋ አገር ከተጫወተ ከጥቂት ቀን በኋላ በ52 ዓመቱ ሞተ። በዚያች በመጨረሻዋ ጨዋታ አስቸጋሪውንና የሚያንጸባርቀውን ክፍል ለወጣቶቹ ትቶ ራሱ በጣም ጥቂት ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ ሆኖም ከሁሉ ይልቅ የተደነቀው እርሱ ነበር። ወጣቱ ዜአሚ ይህን አይቶ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። ከ1400 ጀምሮ በጻፈው ፉሺካደን በተባለው መጽሐፍ ውስጥም የሚታመንበትን ምስክር አድርጎ ያቀረበው ይህንኑ ነው።

መጽሐፉ የተዋናይን ትምህርት በዕድሜ ከፋፍሎ ያሳያል። ልጅ በሰባት ዓመቱ ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ መምህሩ ይህ መልካም ነው፥ ያ ክፉ ነው እያለ እንዳያስጨንቀው ይመክራል፤ ብዙ የተገሠጸ ልጅ ልቡ ይሰበራልና። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ድምፁም መልኩም ስለሚያምር የሚሠራው ሁሉ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ይህ የዕድሜው ስጦታ እንጂ የጥበቡ ፍሬ አይደለም። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ድምፁ ይጐረናል፥ ቁመቱ ይረዝማል፥ ተመልካቹም ይስቅበታል። ብዙዎች ትምህርቱን የሚተዉት ያን ጊዜ ነው፤ ዜአሚ ግን ጥዋትና ማታ መልመድ የሚያስፈልገው በዚያው ጊዜ መሆኑን አጥብቆ ያስረዳል።

ከሁሉ የሚያስፈራው የሃያ አራትና የሃያ አምስት ዓመት ዕድሜ ነው። ድምፁ ይረጋል፥ ሰውነቱ ይጠነክራል፥ ሰው ያመሰግነዋል፤ አንዳንድ ጊዜም በውድድር የታወቀውን ሊቅ ያሸንፍ ይሆናል። ወጣቱም ጥበቡን የጨረሰ መስሎት ይታበያል። ዜአሚ የተዋናይን ውበት በአበባ ይመስለዋል፤ የወጣትነት አበባ ጊዜው ሲደርስ ይረግፋል፥ በትምህርት የተገኘ አበባ ግን ይቈያል። ሰው በሠላሳ አምስት ዓመቱ ካልታወቀ ከእውነተኛው አበባ እንዳልደረሰ ይወቅ፤ ከአርባ በኋላም እንደ ካንአሚ ጥቂት መሥራትን ይማር ይላል። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የሃያ አራት ዓመቱ ነገር እኛን የማይመለከት ነውን?

ይህን ሁሉ የሚፈትነው ጭምብሉ ነው። ጭምብሉ የሚቀረጸው ከጥድ ወገን ከሆነ ሂኖኪ ከሚባል ዛፍ ሲሆን ከሰው ፊት ያነሰ ነው። የዓይኑ ቀዳዳ ጠባብ ስለ ሆነ ያጠለቀው ሰው እግሩን እንኳ አያይም፤ በዛሬው መድረክ ላይ የሚመራው በማዕዘኑ ያለው ምሰሶ ነው። እንጨቱ አይስቅም፥ አያለቅስም፤ ነገር ግን ጥቂት ቀና ሲል ፊቱ የፈካ፥ ጥቂት ሲያዘነብል ያዘነ ይመስላል። ስለዚህ እጅግ የተንቀሳቀሰ ሰው ያበላሸዋል። ዜአሚ በ1424 በጻፈው ካክዮ በተባለው መጽሐፉ፥ ልብ ዐሥር እጅ ሲንቀሳቀስ አካል ሰባት እጅ ብቻ ይንቀሳቀስ ብሎ ያስተማረው እንዲህ ባለው ጥበብ ነው። ደግሞም ተዋናይ ራሱን በተመልካቹ ዓይን፥ ከኋላው ጭምር፥ ማየት እንዲለምድ አዘዘ።

ዮሺሚትሱ በ1408 ከሞተ በኋላ የዜአሚ ዕድል ተለወጠ። በኋላ ሾጉን የሆነው ዮሺኖሪ የወደደው የዜአሚን ወንድም ልጅ ኦንአሚን ነበር። በ1429 ዜአሚና ልጁ ሞቶማሳ በቀድሞው ንጉሠ ነገሥት ግቢ እንዳይጫወቱ ተከለከሉ፤ በ1430 ሁለተኛው ልጁ መነኰሰ፤ በ1432 ተስፋ የጣለበት ሞቶማሳ ሞተ። በ1434 ደግሞ ዜአሚ ራሱ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ሳዶ ወደምትባል ደሴት ተጋዘ።

ቀድሞ በፉሺካደን ውስጥ፥ ሰው አንድ ልጅ ብቻ ቢኖረውም ችሎታ ከሌለው የጥበቡን ምሥጢር አይስጠው፤ ቤት የሚቀጥለው በዘር ሳይሆን በሚያውቅ ሰው ነው ብሎ ጽፎ ነበር። አሁን ይህ ቃል በራሱ ላይ ደረሰ። ሥልጣን የመረጠው ኦንአሚን ነው፤ ዜአሚ ግን በ1428 ሁለት የትምህርት ጽሑፎችን የሰጠው የሌላ ጓድ አለቃ ለነበረው ለአማቹ ለኮምፓሩ ዜንቺኩ ነበር። ከግዞት የላከለት አንድ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። በርሱም ሚስቱን ስለ ጠበቀለት፥ ለርሱም ስንቅ ስለ ላከለት ካመሰገነው በኋላ፥ አጋንንት ስለሚታዩባቸው ጨዋታዎች ዜንቺኩ ለጠየቀው መልስ ሰጥቶታል። ንብረትና ማዕርግ የሌለው ሽማግሌ፥ ከባሕር ማዶ ሆኖ ያስተምር ነበር። በ1436ም በዚያችው ደሴት ላይ ስለ ስደቱ አጫጭር ግጥሞችን ጻፈ።

ዮሺኖሪ በ1441 የሳሩጋኩ ጨዋታ እያየ ሳለ ተገደለ። ዜአሚም በ1443 እንደ ሞተ ይነገራል። ጽሑፎቹ በተዋናዮች ቤት ተሸሽገው ኖሩ፤ በ1909 ዮሺዳ ቶጎ የተባለ ምሁር ዐሥራ ስድስቱን ባንድነት ባሳተመ ጊዜ ግን የማንም አንባቢ ገንዘብ ሆኑ። ድርሰቶቹም፥ ከነዚህም የገደለው ጦረኛ መንኵሶ የገደለውን ወጣት መንፈስ የሚያገኝበት አጹሞሪ፥ እስከ ዛሬ በጭምብል ይጫወታሉ።

ሾጉኖቹ ለዜአሚ የሰጡትን ሁሉ መልሰው ወሰዱበት፤ የተማረውን ግን መውሰድ አልተቻላቸውም። ከዚህ የምናገኘው ምክር ግልጽ ነው። ጭብጨባው በደመቀ ቀን፥ ይህ የዕድሜዬ አበባ ነውን ወይስ የትምህርቴ? ብለን ራሳችንን እንጠይቅ፤ በማግሥቱም እንደ ጀማሪ ተነሥተን ወደ ልምምዳችን እንመለስ።